ማጣሪያው ሳይበላሽ በርዶት ቢሆንስ? ስለ ናፍታ ትራክ የጭስ ማሞቂያ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ወንድማችን ሚኒያፖሊስ ነው የሚሠራው። የ2019 ሞዴል፣ ባለ 13 ሊትር ሞተር፣ መኝታ የሌለው ትራክ አለው። ከባቡር ጣቢያ ኮንቴይነር እያነሳ እዚያው ከተማዋና ዙሪያዋ ላሉ መጋዘኖች ያደርሳል። ብርዱ ከገባ ወዲህ ትራኩ በየሁለት ቀኑ «ቆመህ ሪጀን አድርግ» ይለዋል፣ ማጣሪያው ላይ የተጠራቀመውን ጥላሸት በሙቀት አቃጥለህ አጽዳ ማለቱ ነው። ዴፍ የሚባለው የጭስ ማጽጃ ፈሳሽ መብራት ይበራል። አንድ ቀን ጭራሽ ጉልበቱን ቀንሶበት መንገድ ዳር ቀርቷል። ጋራዡ «ዲፒኤፉ ካልተቀየረ አይሆንም» አለው፣ የጭስ ማጣሪያውን ማለቱ ነው። ጓደኛው «ነቅለህ ጣለውና ተገላገል» ይለዋል። ሌላ ሰው ደግሞ የ2027 ትራኮች ጭሱን በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ዕቃ ይዘው ስለሚመጡ ወይ እነሱን ጠብቅ፣ ወይ ላለህ ትራክ አስገጥምለት ብሎታል። ማሞቂያው እውነት ነው? ይሠራል? ለእኔስ ይሆናል? ነው የሚለው።

ወንድሜ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ማሞቂያው እውነት ነው፣ ይሠራልም። አንተ ትራክ ላይ ግን አታስገጥመውም። ዲፒኤፍ ለመቀየርም አትቸኩል። ከነገርከን ተነስቼ ስገምት ትራክህን ያስቸገረው ብልሽት ሳይሆን ብርድ ነው። የምልህ የሚኒሶታን አየር ብቻ አይደለም፤ ጭሱ ራሱ ቀዝቃዛ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ከገባህ ጋራዥ ገብተህ ምን ብለህ እንደምትጠይቅ ታውቃለህ፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው።

ከቱርቦው፣ ጭሱ ከሚያሽከረክረው አየር ገፊ፣ ወዲያ ያለው ዕቃ ሦስት ክፍል ነው። መጀመሪያ ዲኦሲ አለ። ፕላቲነምና ፓላዲየም የተቀባ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ጡብ ነው። ያልተቃጠለ ነዳጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያቃጥላል፣ ናይትሪክ ኦክሳይዱን ደግሞ ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። ቀጥሎ ዲፒኤፍ አለ፣ ጥላሸቱን የሚይዘው ማጣሪያ። መጨረሻ ላይ ኤስሲአር ይመጣል። ዴፍ የሚረጨው እዚህ ጋ ነው። ዴፍ 32.5 በመቶ ዩሪያ ነው፣ የቀረው ንጹህ ውሃ። ዩሪያው በሙቀት ወደ አሞኒያ ይቀየራል፣ አሞኒያው ደግሞ ኖክስ የምንለውን ጎጂ ጋዝ ወደ ናይትሮጅንና ውሃ ይመልሰዋል። አሜሪካ ውስጥ ከባድ ትራክ ላይ ዲፒኤፍ ከ2007፣ ኤስሲአር ደግሞ ከ2010 ሕግ ጋር ነው የመጡት።

ሦስቱም ካልሞቁ አይሠሩም። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ዴፍ መረጨት የሚጀምረው ጭሱ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ በእናንተ መለኪያ 400 ፋራናይት ገደማ። ኤስሲአሩ ደህና አድርጎ የሚሠራው ከ250 እስከ 450 ባለው ውስጥ ነው። ዲፒኤፉ ውስጥ የተጠራቀመው ጥላሸት በናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ እየተበላ ቀስ ብሎ የሚጠፋውም ከ250 በላይ ነው። ሹፌሩ ሳያውቀው ሃይዌይ ላይ የሚካሄደው ማጽዳት ይሄ ነው። ኮምፒውተሩ አዝዞ የሚያስደርገው ሪጀን ደግሞ ከ550 እስከ 600 ይፈልጋል።

አሁን የአንተን ቀን አስበው። ጠዋት ትነሳለህ። በሩ ላይ ትሰለፋለህ። ኮንቴይነር እስኪጫንልህ ሞተር ሳታጠፋ ትጠብቃለህ፣ ብርድ ነዋ። ከዚያ ጥቂት ማይል ነድተህ መጋዘን ደጅ ላይ እንደገና ትቆማለህ። ስትመለስ ባዶ ነህ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ተነስቶ ሳይጓዝ፣ የቆመ የናፍታ ሞተር ጭስ ከ100 እስከ 150 ዲግሪ ነው። በዚህ ሙቀት ዴፍ አይረጭም፣ ጥላሸት አይቃጠልም፣ ዲኦሲውም ያን ያህል አይረዳ። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ያቆሽሻል፣ ማጽጃው ቀኑን ሙሉ ተኝቷል።

ናፍታ ለምን እንዲህ ይበርዳል? የቤንዚን ሞተር አየር የሚያስገባው በነዳጁ ልክ ነው። ናፍታ ግን ሁሌም አየር ተርፎት ነው የሚሠራው። ሚኒሞ ላይ ጥቂት ጠብታ ነዳጅ ብዙ አየር ውስጥ ይቃጠልና ሙቀቱ ይበተናል። ቱርቦው ከጭሱ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ከቱርቦው እስከ ዲኦሲው ያለው ቱቦ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ንፋስ እየተመታ ሌላውን ይበትናል። በዚያ ላይ ሞተሮች በተሻሻሉ ቁጥር ነዳጁን ወደ ጉልበት ነው የሚለውጡት፣ ለማርሚታው የሚተርፈው ሙቀት እየቀነሰ ነው የሄደው። ነዳጅ ቆጣቢው ሞተር ጭሱን ለማጽዳት የባሰ ያስቸግራል። በዚህ ሙያ ያለን ሰዎች ራስ ምታት ይሄው ነው።

ኮምፒውተሩ ከ200 በታች ዴፍ የማይረጨው ስለሰነፈ አይደለም። ቀዝቃዛ ምጣድ ላይ ሊጥ ብታፈስ ምን ይሆናል? ይጣበቃል። ዩሪያም እንደዚያው ነው። ውሃው በወጉ ሳይተን፣ ዩሪያው ወደ አሞኒያ ሳይለወጥ ቱቦው ላይ ይጋገራል። ነጭ ድንጋይ መሳይ ነገር አፍንጫው ላይ አይተህ ይሆናል። ገና አዲስ ሲሆን ሙቅ ውሃ ያሟሟዋል። ሲቆይ ግን ወደ ሌላ ውህድ ይቀየርና ውሃ አይፈታውም። የዴፍ መብራት በብርድ ወቅት ደጋግሞ ከሚበራባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። በነገራችን ላይ ዴፍ ራሱ በ11 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይረጋል። ታንኩ በሞተሩ ሙቅ ውሃ፣ ቱቦዎቹ በኤሌክትሪክ እንዲሞቁ ተደርጎ የተሠራው ለዚህ ስለሆነ መርጋቱ በራሱ አያስደነግጥህ። አንዳንዱ አልኮል ወይም ፀረ በረዶ ይጨምርበታል አሉ። እባክህ አታድርገው፣ ካታሊስቱን፣ ጭሱን የሚያጸዳውን ጡብ፣ ነው የምትገድለው።

እዚህ ጋ ብዙ ሹፌር የማያውቀው አንድ ነገር አለ። እስካሁን በነበረው የአሜሪካ ሕግ ትራክ መንገድ ላይ ሲመረመር፣ የማጽጃው ሙቀት ከ250 ዲግሪ በታች የሆነበት ጊዜ ከሂሳቡ ይወጣ ነበር። አይቆጠርም! የ2010ሩ ሕግ ኖክስ በፈረስ ጉልበት ሰዓት ከ0.20 ግራም እንዳይበልጥ ይላል፣ ሃይዌይ ላይ ሞተሮቹ ይሄን ያሟላሉ። ወደብ በር ላይ ተሰልፈው፣ መጋዘን ደጅ ቆመው የሚያወጡት ግን በደንብ የሚመዝነው አልነበረም። ያን ጭስ የሚተነፍሰው ደግሞ እዚያው አጠገብ የሚኖረው ሰው ነው፣ አንተም ጭምር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍታ ጭስን በ2012 ካንሰር አምጪ ነው ብሎ በአንደኛ ምድብ አስገብቶታል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ኢፒኤ፣ በ2022 መጨረሻ ያወጣው የ2027 ሕግ ይሄን ቀዳዳ ነው የደፈነው። ኖክሱን ከ0.20 ወደ 0.035 አወረደው። ከዚያ የሚበልጠው ለውጥ ግን አዲስ የጨመረው ፈተና ነው። በዝቅተኛ ጭነት፣ ሚኒሞ እየበዛ፣ ልክ እንደ አንተ ዓይነት ሥራ የሚፈትን ዑደት አመጣ፤ እዚያ ላይ ገደቡ 0.050 ነው። መንገድ ላይም የሚኒሞ ጊዜ ለብቻው ይታያል። ስለዚህ አምራቹ «ያኔ በርዶት ነበር» ማለት አይችልም። ማሞቂያ ማሞቂያ የሚባለው ወሬ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ካሊፎርኒያ ከዚህ የባሰ ጥብቅ ሕግ ነበራት፣ በጁን 2025 ዋሽንግተን ፈቃዷን ሻረችባትና ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገባ። እሱን ለጠበቆች እንተውላቸው።

ወደ ማሞቂያው እንግባ። ዕቃው ከቀጭን የብረት ወረቀት የተሠራ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ክብ ነገር ነው። ጭሱ በመሃሉ ያልፋል፣ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ይግላል። ከካታሊስቱ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው። ይሄው ነው፣ ምንም ተአምር የለውም። የሚያስቸግረው ምን ያህል ጉልበት እንደሚበላና ከየት እንደሚመጣ ነው።

ትንሽ ሂሳብ እንሥራ፣ አትሽሽ፣ ቀላል ነው። 13 ሊትር ሞተር ሚኒሞ ላይ በሰዓት ከ250 እስከ 300 ኪሎ ጭስ ያስወጣል። አንድ ኪሎ ጭስ ሙቀቱን በአንድ ዲግሪ ከፍ ለማድረግ 1 ኪሎጁል ትንሽ አለፍ ያለ ይፈልጋል። ስለዚህ ያንን ሁሉ ጭስ በ100 ዲግሪ ለማሞቅ 8 ኪሎዋት ገደማ ያስፈልጋል ማለት ነው። 130 የነበረው 230 ይሆናል። አሁን ዴፍ ይረጫል። ስለዚህ ሚኒሞ ላይ 10 ኪሎዋት ማሞቂያ ጨዋታውን ይለውጠዋል።

ሃይዌይ ላይስ? ያው ሞተር ጭነት ይዞ ሲሮጥ በሰዓት 1,200 ኪሎ ጭስ ሊያስወጣ ይችላል። ያው 10 ኪሎዋት እዚህ 30 ዲግሪም አይጨምር። ግን እዚያ ማን ፈለገው? ጭሱ ራሱ ከ300 በላይ ነው። ማሞቂያው የሚጠቅመው ጭሱ ጥቂትና ቀዝቃዛ ሲሆን ነው፣ ለቆሞ ቀሩና ለጠዋቱ።

አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ጋ ደረስን። «ማሞቂያ ካለው ሪጀን አያስፈልገውም» ይሉሃል። ሂሳቡን ሥራው። ሚኒሞ ላይ ያለ ጭስ ከ130 ወደ 580 ለማድረስ 36 ኪሎዋት አካባቢ ይፈልጋል። ይሄን የሚሰጥ ዲናሞ ትራክ ላይ የለም። ጥላሸት ለማቃጠል የሚያስፈልገው ሙቀት አሁንም ከነዳጅ ነው የሚመጣው፤ ዲኦሲው ላይ ናፍታ ይረጭና እዚያ ይቃጠላል። ማሞቂያው የሚያደርገው ዲኦሲውን ነዳጅ ማቃጠል የሚችልበት ሙቀት ላይ ቶሎ ማድረስ ነው። በተዘዋዋሪም ይረዳል፣ ጭሱ ከ250 በላይ በቆየ ቁጥር ጥላሸቱ በራሱ እየተበላ ስለሚሄድ የሪጀኑ ቀን ይርቃል። ሪጀን ግን አይቀርም።

ኤሌክትሪኩ ከየት ይመጣል? 10 ኪሎዋት በ12 ቮልት ማለት ከ800 አምፒር በላይ ነው። ያንን የሚሸከም ገመድ እንደ ክንድ የወፈረ ይሆናል። የአንተ ዲናሞ ያለውን ሁሉ አሟጦ ቢሰጥ 2 ኪሎዋት፣ ቢበዛ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው፣ ያንንም መብራቱ፣ ኮምፒውተሩና ባትሪው ይሻሙታል። በ48 ቮልት ከሆነ ግን 210 አምፒር አካባቢ ይበቃል። አዲሶቹ ላይ 48 ቮልት የመጣው ለዚህ ነው። የሞተር አምራቹ ካሚንስ ለ2027 ካስተዋወቃቸው ሞተሮች ጋር በቀበቶ የሚሽከረከር ባለ 48 ቮልት ዲናሞና የጭስ ማሞቂያ አብሮ አቅርቧል።

ታዲያ ነዳጁስ? 10 ኪሎዋት ለ10 ደቂቃ ብትለቅ፣ ሞተሩና ዲናሞው መሃል ላይ የሚያባክኑት ተጨምሮበት ግማሽ ሊትር ያህል ናፍታ ነው። ብዙ አይደለም፣ ነፃም አይደለም። አንድ ደስ የሚል ነገር አለው። ሞተሩ ያንን ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ሲለፋ ጭሱ በዚያው ይሞቃል፣ በሁለት በኩል ትጠቀማለህ ማለት ነው። የካታሊስቱ ጡብ ራሱም ሙቀት ይጠጣል። 20 ኪሎ የሚመዝን ጡብ በ150 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ፣ ምንም ሙቀት ካልባከነ፣ 10 ኪሎዋት 5 ደቂቃ ይፈጅበታል። በተግባር ከዚያ ይረዝማል። ኤስሲአሩ ከኋላ ስለሆነ ሙቀቱ መጀመሪያ ዲኦሲውንና ዲፒኤፉን አጥግቦ ነው እሱ ጋ የሚደርሰው፤ የአጭር ጉዞ ትራክ ላይ ኤስሲአሩ ገና ሲነቃ አንተ ደርሰህ አጥፍተኸዋል።

ይሄን ያዩ ሰዎች ሌላ መንገድም ሞክረዋል። ሳን አንቶኒዮ ያለው ሳውዝዌስት ሪሰርች ኢንስቲትዩት ካርብ ለሚባለው የካሊፎርኒያ የአየር መሥሪያ ቤት በሠራው ሥራ፣ የ2017 ካሚንስ ኤክስ15 ወስደው ሁለተኛ ትንሽ ኤስሲአር ቱርቦው አጠገብ አስቀመጡለት። ገና ሙቅ የሆነው ጭስ መጀመሪያ እሱን ያገኛል። ለእሱ የሚረጨውን ዴፍ ደግሞ ቀድመው አሞቁት፤ ዴፉ ራሱ ሲሞቅ 200 ሳይሞላም መርጨት ይቻላል። ሦስተኛው ነገር ሲሊንደር ማጥፋት ነው። ጭነት ሲያንስ ከስድስቱ ሲሊንደሮች ግማሹ ቫልቫቸው ተዘግቶ ይተኛል፣ የቀሩት ጠንክረው ይሠራሉ። የሚያልፈው አየር ይቀንሳል፣ ጭሱ ይሞቃል። ነዳጅም አይበላ። በዚህ አካሄድ ያለ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ኖክሱን ከ2010ሩ ገደብ እጅግ ዝቅ አድርገው አሳይተዋል።

ሌላው በርነር ነው። ቱቦው ላይ ትንሽ የናፍታ ምድጃ ገጥመህ ጭሱን በእሳት ማሞቅ። ነዳጁ በቀጥታ ሙቀት ስለሚሆን ከኤሌክትሪኩ ያነሰ ይበላል፣ ለዚያው ሥራ ሲሦ ያህሉ ይበቃዋል። ጉልበቱም ከፍ ያለ ነው። ግን የራሱ አየር ይፈልጋል፣ የራሱ ማቀጣጠያ፣ የራሱ አፍንጫ። በደንብ ካልነደደ ራሱ ጥላሸት ያወጣል። እኔን ከጠየቅከኝ ለጥገና የማይመች ዕቃ ነው። የኤሌክትሪኩ ማሞቂያ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፣ እኔ ወደዚያ አደላለሁ። ሲሊንደር ማጥፋት ደግሞ በሐሳብ ደረጃ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ሙቀት ለመፍጠር ነዳጅ አያባክንማ።

ለአንተ ትራክ አስገጥም ያለህ ሰው ከየት እንዳመጣው አላውቅም። 48 ቮልት የለህም። ቢኖርህም ኮምፒውተሩ ማሞቂያ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። መቼ ይብራ፣ መቼ ዴፍ ይረጭ፣ ሴንሰሩ ምን ያንብብ፣ ይሄ ሁሉ ከሞተሩ ጋር አብሮ ተለክቶ ነው ፈቃድ የሚያገኘው። ከፋብሪካ ውጪ ቱቦውን ቆርጠህ ብታስገባው ሕጉም እንደ መነካካት ያየዋል። ተወው።

አሁን ያለህን ሙቀት አታባክን። የምትችለው እሱን ነው፣ ደግሞ ብዙ ነው።

መጀመሪያ ቴርሞስታቱን አስፈትሽ። ከልቤ ነው የምልህ። ክፍት ሆኖ የቀረ ቴርሞስታት በብርድ ጊዜ ሞተሩን መቼም አያሞቀውም፣ የሞተሩ ውሃ ካልሞቀ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሪጀን አይፈቅድም። በጥቂት ዶላር ዕቃ የሺዎች ዶላር ዲፒኤፍ የተቀየረባቸው ሰዎች አሉ። ስትነዳ የውሃ ሙቀት መቁጠሪያው ከመሃል በታች እየዋለ ከሆነ ከእሱ ጀምር።

ከዚያ ትራኩ ሥር ገብተህ ከቱርቦው እስከ ዲኦሲው ያለውን ቱቦ እይ። የሙቀት መከላከያ ልብስ ነበረው። አለ? ወይስ አንድ መካኒክ ለሥራ ብሎ ፈትቶ ሳይመልስ ቀርቷል? ብዙ ጊዜ ቀርቶ ነው የምታገኘው። የፊት ግሪሉንም አምራቹ በሚፈቅደው ልክ በክረምት መሸፈኛ ሸፍነው። ማታ ሲቆም የሞተር ብሎክ ማሞቂያውን ሶኬት ላይ ሰካው፣ ጠዋት ከበረዶ አትነሳም።

ሚኒሞውን ቀንስ። ለአንተ ሙቀት ብለህ ሞተር አታስነሳ፣ ኤስፓር ወይም ዌባስቶ ዓይነት ትንሽ የካቢን ማሞቂያ አስገባ፣ ዋጋውን ይመልስልሃል። ብዙ ሰዓት ሚኒሞ ላይ የዋለ ሞተር ያልተቃጠለ ነዳጅ ዲኦሲው ፊት ላይ ይለጥፋል፣ ጥላሸት ይጨምርበታል፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ያኔ ሪጀን ብታዝም ነዳጁ አይቃጠልም፤ ነጭ ጭስ ብቻ ታያለህ።

ሪጀን የምታደርግበትን ሰዓት ምረጥ። ጠዋት በቀዝቃዛው አትጀምር። ጭነት ይዘህ ሃይዌይ ላይ ቆይተህ ስትወርድ፣ ሁሉም ነገር እንደጋለ፣ ያኔ አድርገው። ጊዜውም ነዳጁም ይቀንሳል። ጀምረህ አታቋርጥ። ደጋግሞ የሚቋረጥ ሪጀን ጥላሸቱን በግማሽ ትቶት፣ በአንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ናፍታ ወደ ዘይቱ እየገባ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ዲስፓቸርህን፣ ጭነት የሚመድብልህን ሰው፣ ለምነህም ቢሆን በሳምንት የተወሰነ ረዘም ያለ ጭነት ያዝ። ትራኩ ላብ ይውጣው።

ጋራዡን ደግሞ እንዲህ ብለህ ጠይቀው። «ዲፒኤፉ ይቀየር ያልከኝ ምን አይተህ ነው?» ጥላሸትና አመድ የተለያዩ ናቸው። ጥላሸት ይቃጠላል። አመድ ግን ከሞተር ዘይት የሚመጣ ነው፣ በየትኛውም ሙቀት አይቃጠልም፣ ማጣሪያው ወርዶ በማሽን ነው የሚጸዳው። ከመቀየር በፊት ማስጸዳት አለ። ከሱ ሁሉ በፊት ግን ቆሞ ሪጀን ሲያደርግ ኮምፒውተር ሰክተው የሙቀት ቁጥሮቹን ያሳዩህ። ዲኦሲው መግቢያ ላይ 280 አካባቢ ደርሶ፣ መውጫው ላይ ወደ 550 ካልወጣ፣ ጥፋቱ የዲፒኤፉ አይደለም። ወይ ዲኦሲው ተደፍኗል፣ ወይ ናፍታ የሚረጭለት አፍንጫ ተዘግቷል። መግቢያው ራሱ 280 ካልደረሰ ደግሞ ወደ ሞተሩ ተመለስ። የተሰነጠቀ የቱርቦ ቱቦ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ የሚያፈስ የኢጂአር (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ዕቃ) ማቀዝቀዣ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሳይጠገኑ አዲስ ዲፒኤፍ ብታስገባ እሱም ቶሎ ይደፈናል፣ ገንዘብህን ነው የምትሞላበት።

ጉልበት የቀነሰብህን ነገር በተመለከተ፣ ኢፒኤ በኦገስት 2025 አምራቾች የዴፍ ችግር ሲኖር ትራኩ በድንገት እንዳይዝል ሶፍትዌሩን እንዲያሻሽሉ መመሪያ ሰጥቷል። ለአንተ ሞተር ማሻሻያ ወጥቶ እንደሆነ ሻጩን ጠይቅ።

ነቅለህ ጣለው ስላለህ ጓደኛህ... ምን ልበል። የሚመክርህ አዝኖልህ ነው፣ ይገባኛል። ግን የፌዴራል የንጹህ አየር ሕግ ይከለክለዋል፣ የሚነቅለው ጋራዥም ተጠያቂ ነው። ኢፒኤ በ2020 ባወጣው ግምት በአሥር ዓመት ውስጥ ማጽጃቸው የተነካካ የናፍታ ፒክአፖች ብቻ ከ550,000 በላይ ነበሩ፣ እና በዕድሜያቸው ሙሉ ከልክ በላይ የሚለቁት ኖክስ ከ570,000 ቶን በላይ ነው። ሥራህ ካሊፎርኒያ አንድ ቀን ቢወስድህ ደግሞ እዚያ ክሊን ትራክ ቼክ የሚባል የጭስ ምርመራ አለ፣ የሌላ ስቴት ታርጋ አያድንህም። ስትሸጠውም የተነቀለ ትራክ ደፍሮ የሚገዛህ ነጋዴ አታገኝም።

አንዳንዱ «አርጅቶ ሲያስቸግረኝ አገር ቤት እልከዋለሁ» ይላል። እሱንም አስብበት። ይሄ ዕቃ የተሠራው ሰልፈሩ ከ15 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 15 እጅ) ለማይበልጥ ናፍታ ነው። ሰልፈር የበዛበት ናፍታ ሲገባ ኤስሲአሩ ላይ ያለው መዳብ በሰልፈር ይያዛል፣ ለማላቀቅ ከ500 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ዴፉንም በየመንገዱ ማግኘት አለብህ።

የ2027ቱን ልጠብቅ ወይ ላልከው፣ እንደ ሥራህ ነው። ሃይዌይ የሚውል ሰው ቢሆን ማሞቂያው ብዙም አይታወቀውም፣ ለእሱ ተጨማሪ ዋጋና ተጨማሪ ገመድ ነው። አንተ ግን ማሞቂያው የተሠራለት ሰው ነህ። አጭር ጉዞ፣ ብዙ ሚኒሞ፣ ብርድ። አዲስ የመግዛት አቅሙ ካለህ ለእኔ ያዋጣል። ብቻ የመጀመሪያውን ዓመት ምርት አልገዛም፣ 2010 ላይ ኤስሲአር ሲገባ ቀድመው የገዙ ሰዎች ምን እንዳዩ እዚህ ስንቶቻችን እናስታውሳለን። ዋስትናውንም በወረቀት አንብብ። የ2022ቱ ሕግ ለትልልቆቹ ትራኮች የጭስ ዕቃ ዋስትናውን ከ100,000 ወደ 450,000 ማይል አሳድጎት ነበር፣ ያ ክፍል ግን እያከራከረ ስለሆነ ሻጩ በአፉ የሚልህን አትመን። ማሞቂያውና 48 ቮልቱ ዲናሞ በስም ተጠርተው ተካተው እንደሆነ ጠይቅ።

ለጊዜው ቴርሞስታቱን አስፈትሽ፣ የቱቦውን ልብስ እይ። ከዚያ ሪጀን ሲደረግ የዲኦሲውን መግቢያና መውጫ፣ የዲፒኤፉን መውጫ ሙቀትና የግፊት ልዩነቱን ጻፍና ላክልኝ፣ የሞተሩን ዓይነትና የበራውን ኮድ ጨምረህ። ዲፒኤፉ መቀየር እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ያኔ በቁጥር እንነጋገራለን።